ለባሕር ዳርቻ ቤት የመጀመሪያ ሌሊት፦ ቬንቲሌተሩን በግርጌ አቁሙት
ከሞምባሳ በስተደቡብ በምትገኘው ዲያኒም ሆነ በዛንዚባር የባሕር ዳርቻ ቤት ተከራይታችሁ ከነልጆቻችሁ ስትገቡ፣ ሻንጣ ከመፍታታችሁ በፊት ቋሚውን ቬንቲሌተር በአልጋው ግርጌ አቁማችሁ ነፋሱ ከፍራሹ ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ራስጌ እንዲያልፍ አድርጉ። የወባ ትንኝ በረራዋ ደካማ ስለሆነ ነፋስ ሰንጥቃ ማረፍ ይቸግራታል፤ የተኛን ሰው የምታገኘውም በትንፋሹና በላቡ ሽታ በመሆኑ፣ ነፋሱ ሽታውን ሲበታትነው አቅጣጫው ይጠፋባታል። ላብ ስለሚያደርቅም ልጆች ሳይነጫነጩ ያድራሉ፤ ለእኔ ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ሆኖም አካባቢው ወባ ያለበት ስለሆነ ይህ አጎበርን አይተካም፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ የሚቀራችሁ አጎበሩ ነው። ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ሸጉጡት፤ ነፋሱ ጨርቁን ከልጁ ክንድ ጋር ካጣበቀው ትንኟ በቀዳዳዎቹ መካከል ልትነድፈው ስለምትችል፣ የቬንቲሌተሩን ፍጥነት ቀንሱ።