የገዙት ያገለገለ መኪና ሞተሩ ሲታመም፦ ከመፈታቱ በፊት ምን ማድረግ አለብዎት?

ያገለገለ መኪና ገዝተው የስም ዝውውሩ ቀለም ሳይደርቅ ሞተሩ ማንኳኳት ወይም መጋል ሲጀምር፣ ብዙዎቻችን የምናደርገው ሰፈር ወዳለው ጋራዥ ወስደን «ፍታልኝ» ማለት ነው። እባክዎን ይህን አያድርጉ። ሞተሩ አንዴ ከተፈታ ሲሸጥ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ማሳየት እጅግ ይከብዳል፤ ሻጩም «ስሸጠው ደህና ነበር፣ መካኒክህ ነው ያበላሸው» ቢል መልስ ያጣሉ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የቤተሰብ ጥሪት ሆኗል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ችኮላ ሊባክን አይገባም።

መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፉ

ቀዩ የዘይት መብራት እየነዱ ሳለ ከበራ ዳር ይዘው ወዲያውኑ ያጥፉ። ዘይት በግፊት ካልደረሰው ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ) በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ከወጣም እንዲሁ ነው። «ቤት እስክደርስ ልታገሠው» የሚለው ሐሳብ በጋርኒሲዮን (በሞተሩ አካልና በላይኛው ክዳን መካከል ያለ ማሸጊያ) ቅያሪ ሊያበቃ የነበረውን ጉዳት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ወደ መቀየር ያደርሰዋል።

የጋለ ራዲያተር ክዳን አይንኩ፤ የሚፈላው ውኃ ፊት ላይ ይፈነዳል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል የሚረዳዎት መንገደኛ ቢቸኩልም ይከልክሉት። ከዚያ በኋላ መኪናውን በጭነት ወይም በጎታች ያስወስዱ፤ ደጋግሞ ማስነሳት ጉዳቱን ያባብሳል።

ያዩትንና የሰሙትን ይመዝግቡ

በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ፦ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ የበሩትን መብራቶች፣ ቀኑን በድምፅዎ ተናግረው። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው የሞተሩን ቁጥር ይፈልጉና በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ካልገጠመ ጉዳዩ ከጥገና በላይ ነው፤ አንድም ብሎን ሳያስነኩ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡ። ዘይቱ ወተት የበዛበት ቡና መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። መኪናው በደንብ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቆመና የራዲያተሩ ውኃ ሳያፈስ እየጎደለ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ይነግራል፤ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ አልቋል። ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ የነዳጅ መብዛት ነው፤ ከሦስቱ በርካሽ የሚድነውም እሱ ነው። ከላይ በኩል የሚሰማ ቀጭን ቅጭልጭልታ ከቫልቮች ሊሆን ይችላል። ነዳጅ ሲሰጡት የሚበረታ፣ ከታች የሚመጣ ወፍራም ማንኳኳት ግን የብሮንዚና ድምፅ ነውና ከቀረጹት በኋላ ሞተሩን ደግመው አያስነሱት።

አንድ ተንኮል ይወቁ። አንዳንድ ሻጮች ድምፁንና ጭሱን ለመደበቅ ከሚገባው በላይ የወፈረ ዘይት ወይም ማወፈሪያ ይጨምራሉ። ገዢው ትክክለኛውን ዘይት በቀየረ ማግስት ሞተሩ ይጮኻል፤ ጥፋቱም የዘይት ቀያሪው ይመስላል። ስለዚህ ዘይት የሚወርድ ከሆነ ግማሽ ሊትር በንጹህ ጠርሙስ ያስቀሩ፣ አወራረዱንም ይቅረጹ።

ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ

ስልክ ደውሎ መጣላት አይጠቅምም። አጭር መልእክት ይላኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። በዚህ ቀን የሸጡልኝ መኪና ዛሬ በዚህ ኪሎ ሜትር ላይ ከሞተሩ ሥር ማንኳኳት ጀምሯል። ሞተሩ አልተፈታም። ቅዳሜ ጠዋት በዚህ ጋራዥ ስለሚመረመር እርስዎ ወይም የሚያምኑት መካኒክ እንዲገኝ እጠይቃለሁ።»

የመልእክቱን ምስል ያስቀምጡ። ክርክር የሚሸት ከሆነ በጠበቃ በኩል ማስጠንቀቂያ ይላኩ።

ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ገዢ ግን ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት፤ ካሳወቀ በኋላም በቁጥር 2298 መሠረት መብቱን በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ ይኖርበታል። ጉድለቱ በርክክብ ጊዜ የነበረ መሆን አለበት። ውሉ ላይ «አይቼና ፈትሼ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል መኖሩ አቋምዎን ያዳክማል፤ ይሁን እንጂ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ዋስትናን የሚያስቀር ቃል አያድነውም። ጠርሙሱና ቪዲዮው የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው።

ከኢንሹራንስ ብዙ አይጠብቁ። ሙሉ ዋስትና የሚባለውም ቢሆን በተለምዶ የግጭትና የስርቆት እንጂ የሞተር ብልሽት መድን አይደለም። የቦሎ ምርመራ ማለፉም የሞተሩን ጤንነት አያረጋግጥም።

ሳይፈታ ይለካ

ጋራዡን ሲመርጡ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «የኮምፕሬሽን መለኪያ አላችሁ?» ይሁን። መሣሪያው እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ ያሳያል። ካንዴላዎቹ (የእሳት መጫሪያዎቹ) ወጥተው በእያንዳንዱ ሲሊንደር መለኪያው ይገጠማል፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት አያልፍም። የሁሉንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው እንዲፈርሙልዎ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ከፍታን የሚዘነጋ መካኒክ ደህናውን ሞተር ሊኮንን ይችላል። የአምራቾች መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ጤነኛ ሞተርም ከመጽሐፉ ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ነገር ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። ሦስቱ 135 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ አሃድ) አካባቢ ሆነው አንዱ 80 ከሆነ ችግር አለ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ ከወደቁ ጋርኒሲዮኑን ይጠርጥሩ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደግመው ሲለኩ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ወይም ጋርኒሲዮን ነው።

ለሚግል መኪና ደግሞ ከሞተሩ በፊት ርካሾቹ ይፈተሹ፦ የራዲያተር ክዳን፣ ፋን፣ የውኃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሞተር መደበኛ ሙቀትም በዚያው አካባቢ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚፈጥረው ግፊትና ኩላንት (ለራዲያተር የሚሠራ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው። የላላ ክዳንና ተራ የቧንቧ ውኃ ያለው መኪና እንጦጦን ሲወጣ ቢፈላ አይገርምም። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ ሞተሩ ወደሚገባው ሙቀት ሳይደርስ እንዲሠራ ስለሚያደርግ ነዳጅ ያበዛል፣ ያለ ዕድሜውም ያስረጀዋል።

ውጤቱን ይዘው ሌላ ጋራዥ ያሳዩ። የሁለቱ ቃል ካልገጠመ ሦስተኛ ይጨምሩ።

መጠገን፣ መቀየር ወይስ መመለስ?

ጉዳቱ ጋርኒሲዮን ከሆነ እኔ የምመክረው ከሻጩ ጋር ወጪ መጋራትን ነው። በሽማግሌ ፊት ተስማምተው፣ በጽሑፍ አስፍረው ይፈራረሙ። የተጣመመ ቴስታታ ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ ቤት) ፊቱ ሳይስተካከል አዲስ ጋርኒሲዮን ቢደረግበት ሥራው ይደገማል፤ ስለዚህ ሲለካ አጠገቡ ይቁሙ። ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ከተሰነጠቀ ወይም ብልሽቱ ሆን ተብሎ መደበቁን የሚያሳይ ማስረጃ ካለዎት መኪናውን መልሶ ገንዘብ መጠየቅ ይሻላል።

ሙሉ እድሳት ከሆነ ከጋራዡ ጋር ምን እንደሚቀየር፣ በስንት ቀንና በስንት ብር እንደሚያልቅ ይዋዋሉ። ክፍያውን በየደረጃው ይስጡ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ ይረከቡ፤ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲገዙ ለማመሳከር ይጠቅማል፣ ለክርክርም ማስረጃ ነው።

ያገለገለ ሌላ ሞተር የሚያስገቡ ከሆነ ሲሠራ ሳይሰሙና ኮምፕሬሽኑን ሳያስለኩ አይክፈሉ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሚሰፍር ስለሆነ፣ የግዢና የጉምሩክ ሰነዱን ይዘው ከመግጠምዎ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ይህን የዘለለ ሰው መኪናውን ሊሸጥ በሄደ ቀን ይቸገራል።

ሞተሩ ታድሶ ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት አይጫኑበት፣ ረጅም ዳገት ላይ አያስጨንቁት። ያ ርቀት ሲሞላ ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ በወረደው ዘይት ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ በዝቶ ካዩ በዚያው ቀን ወደ ጋራዡ ይመለሱ።