ሁለቱን ፍልፈሎች እንዴት እናወዳድር? የኛው ቆላና የባሌው ደጋ

ከሐረር ወደ ባቢሌ ስትወርዱ ሜዳው ላይ አናቱ ቀዳዳ የሆነ ትንሽ የአፈር ቁልል ካያችሁ ቆም በሉ። ድምፅ ሳታሰሙ ጠብቁ። ከቀዳዳው አፈር ፊን ፊን እያለ ከወጣ፣ ከሥር የሚቆፍረው ፀጉር አልባው ፍልፈል ሊሆን ይችላል። እሱን ራሱን ማየት ግን ይከብዳል፣ ኑሮው ከመሬት በታች ነው።

ይሄንን ከባሌው ግዙፍ ፍልፈል ጋር ለማወዳደር መጀመሪያ ስሙን እርሱት። ሁለቱም ፍልፈል ቢባሉም የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። ለሳይንስ ያስተዋወቃቸው ግን አንድ ሰው ነው፦ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል፣ በ1842 እ.ኤ.አ.።

ከዚያ አኗኗራቸውን እዩ። የኛው፣ ፀጉር አልባው የቆላ ፍልፈል፣ 35 ግራም ገደማ ነው፤ ቆዳው የተሸበሸበ፣ የሚቆፍርበት ጥርስ ከከንፈሩ ውጭ የቀረ፣ አንዲት ንግሥት ብቻ በምትወልድበት ጎጆ ከ70 እስከ 80 ሆኖ የሚኖር፣ ደግሞም ከ30 ዓመት በላይ ዕድሜ የሚያገኝ የሚገርም ፍጥረት ነው። የባሌው ፀጉራም ነው፤ 1 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፤ ብቻውን ይኖራል። ዓይኑ ወደ አናቱ ስለሆነ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ አካባቢውን ይቃኝና ሣር ይሰበስባል። ቀይ ቀበሮ የሚያደባበትም ያኔ ነው።

አሁን ወደ ደረጃቸው፣ ማለትም የመጥፋት አደጋቸው ምን ያህል እንደሆነ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባሌ ተራሮች ውስጥ ሳነቴ አምባ ላይ ብትውሉ ግዙፉን ፍልፈል የማየት ዕድላችሁ ጥሩ ነው፣ የቆላውን ግን ዕድሜ ልካችሁን ላታዩት ትችላላችሁ፣ ስለዚህ አደጋ ላይ ያለው የማይታየው ይመስላችኋል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ የቆላው «ብዙም የማያሰጋ» ሲባል፣ የባሌው «የመጥፋት አደጋ ያንዣበበት» ነው።

ለምን? ካርታ ዘርጉ። የኛው ከኢትዮጵያ አልፎ ሶማሊያና ኬንያ ድረስ አገሩ ነው። የባሌው ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቤት የለውም፤ ያውም ወደ 3000 ሜትርና ከዚያ በላይ። ከብት ሲበዛና ሰፈራ ሲሰፋ ሣሩ ይጎዳል። ወደ ላይ ልሽሽ ቢልም ተራራው ያልቅበታል። እኔ የማንኛውንም እንስሳ ደረጃ ሳነብ ከቁጥሩ በፊት የማየው ይሄንን ነው፣ ስንት ቦታ አለው?

ቁልሉን ካገኛችሁ ግን እባካችሁ አትቆፍሩት። ቦታውንና ቀኑን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ ሂዱ፤ ያኔ ቁፋሮው ይደራል።