መጽሐፍ፣ ድራማና ቋንቋ ለምትወዱ የጅማ ልጆች፦ ቴሌግራም ላይ እንዴት እንጀምር?

ሰላም ቤተሰብ። ይሄን የምጽፈው አንድ መጽሐፍ ሲጨርስ ወይ አንድ የኮሪያ ድራማ አይቶ ሲያበቃ የሚያወራለት ሰው ለሚያጣ ሰው ነው። ጅማ ውስጥ አንባቢ ሞልቷል እኮ፣ ዩኒቨርሲቲው ብቻ ከየአገሩ ስንቱን ልጅ ያመጣል፣ ግን አንዱ ቆጪ ነው፣ አንዱ አጂፕ፣ ሌላዋ ቂጦ ፉርዲሳ ዶርም ውስጥ ተኝታ ታነባለች፣ ማን ምን እንደሚያነብ ማንም አያውቅም። ስለዚህ እንዴት እንደምትገናኙ፣ ምን ብትለጥፉ ሰው መልስ እንደሚሰጣችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላይ እንስማማ፣ ፒዲኤፍ መበተን ፍቅር ማጋራት አይደለም። የፒዲኤፍ ቻናል አገሩን ሞልቶታል፣ ሰው በመቶ የሚቆጠር መጽሐፍ ዳውንሎድ ያደርግና አንዱንም ሳይከፍት ስልኩ ይሞላበታል፣ ደራሲውም ምንም አያገኝም። ህጉም ግልጽ ነው፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ስራ በህይወት እያለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ደራሲውንና መጽሐፉን ጠርታችሁ አጭር ጥቅስ ማውጣት ግን ይፈቀዳል፣ ለእናንተ ደግሞ ከዛ በላይ አያስፈልጋችሁም። ፋይሉን የትም ያገኘዋል ሰው፣ እናንተ ያንን መጽሐፍ ስታነቡ ምን እንደተሰማችሁ ግን ከእናንተ በቀር ከየትም አያገኝም።

እሺ ወደ ስራው። ቴሌግራም ላይ ቻናልም ግሩፕም አለ። ቻናል ላይ አድሚን ብቻ ነው የሚጽፈው፣ ግሩፕ ላይ ሁሉም ያወራል። ብዙ ሰው ቀጥታ ግሩፕ ይከፍትና በሁለት ሳምንት ውስጥ የስራ ማስታወቂያ፣ የክሪፕቶ ምናምን፣ «ሰላም እንዴት አደራችሁ» ይሞላበታል። እኔ የምለው ቻናል ክፈቱ፣ ከዛ ሴቲንጉ ውስጥ «ዲስከሽን» የሚለውን ነክታችሁ አንድ ግሩፕ አያይዙበት፣ እያንዳንዱ ፖስት ስር ኮመንት ይከፈትላችኋል። ወሬው ፖስቱ ስር ስለሚሆን አይበታተንም፣ ከሶስት ወር በኋላ የመጣ ሰው እንኳን ያንን ፖስት ከፍቶ ማን ምን እንዳለ ያነባል።

ከመክፈታችሁ በፊት ስልክ ቁጥራችሁን ደብቁ። ይሄን በተለይ ለሴቶች እህቶቼ አጥብቄ ነው የምናገረው፣ ግሩፕ ውስጥ አንድ ኮመንት ስለጻፈች ብቻ ማንም እየተነሳ የሚደውልላት ልጅ ሁለተኛ አትጽፍም። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ፎን ነምበር፣ ከዛ «ኖባዲ» በሉት። እዛው ላይ ማን ሊደውልላችሁና ማን ግሩፕ ውስጥ ሊጨምራችሁ እንደሚችልም ትመርጣላችሁ። ይሄን አሰራር ፒን አድርጋችሁ አዲስ ለሚገባው ሰው ሁሉ አሳዩት።

አሁን ዋናው፣ ስለ መጽሐፍ እንዴት ይጻፋል? «በጣም አሪፍ መጽሐፍ ነው አንብቡት» ብላችሁ የሽፋኑን ፎቶ ብትለጥፉ ልብ የሚጫን ሰው አይጠፋም፣ የሚያወራችሁ ግን አታገኙም ምክንያቱም የሚያወራበት ነገር አልሰጣችሁትም። አንድ ቦታ ምረጡ። አንድ ገጽ፣ እንዲያውም አንድ አንቀጽ። ለምሳሌ ልጇን የምትሸኝ እናት አለች እንበል፣ አንድም ቃል አትናገርም፣ የቋጠረችውን ስንቅ ፈትታ ደግማ ትቋጥረዋለች። ያንን ሁለት ሶስት መስመር ጻፉትና ስር «እኔ እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍኩት፣ ቤት ለቃችሁ ግቢ ስትገቡ እናታችሁ ምን አለቻችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የዶርም ልጆች በሙሉ ይመጣሉ። መጽሐፉን ያላነበበውም ያወራል፣ ሲያወራ ሲያወራ መጽሐፉን ይፈልገዋል፣ እኔ ሰው ወደ ንባብ ሲገባ ያየሁት እንዲህ ነው፣ «ማንበብ ጥሩ ነው» የሚል ምክር ሰምቶ የጀመረ ሰው ብዙም አላውቅም።

ያልወደዳችሁትንም ጻፉ፣ ግን ምኑ እንዳልጣማችሁ ተናገሩ። «ሼም ነው» ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም፣ ደራሲው አገር ውስጥ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሊያነበውም ይችላል።

ስለ አጻጻፍ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን በጣም ይጠቅማል። ፊደላችን ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ አለው፣ ሰው ደግሞ ኪቦርዱ መጀመሪያ ያመጣለትን ነው የሚነካው። ሰርች ላይ ግን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ በአንዱ ብትጽፉ በሌላው የሚፈልግ ሰው አያገኛችሁም። ስለዚህ ሃሽታግ ተጠቀሙ፣ ሃሽታግ በአማርኛ ይሰራል፣ ግን ክፍተት ካለው ይቆረጣል ስለዚህ ሁለቱን ቃል በታች ሰረዝ (_) አገናኙት። የአንዱን ደራሲ ስም በአንድ አጻጻፍ ወስናችሁ ሁልጊዜ በዛው ጻፉ፣ የሃሽታጎቹን ዝርዝርም ፒን አድርጉት። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉን ደግሞ ተዉት ባካችሁ፣ ጂቦርድ ላይ አማርኛ አለ፣ መጀመሪያ ያዘገያል እንጂ እጅ ቶሎ ነው የሚለምደው።

መጨረሻውን የሚያጋልጥ ነገር ስትጽፉ፣ ድራማም ይሁን መጽሐፍ፣ ጽሑፉን ሴሌክት አድርጋችሁ «ስፖይለር» የሚለውን ምረጡ፣ ሰው ካልነካው አይታይም። ገና ክፍል ሶስት ላይ ላለ ሰው «እሱ እኮ መጨረሻ ላይ ይሞታል» ማለት ሰው ማባረር ነው።

ድምጽ! ቮይስ ላይ የመጽሐፍ ቁራጭ ማንበብን አትናቁት። ይሄ አገር መጽሐፍን በጆሮው የወደደ አገር ነው፣ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሁሉ ከነገጸ ባህርያቱ ነው ያወቀው። እናንተ ሙሉ መጽሐፍ ልታነቡ አትችሉም፣ ለዛ ከባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ግን ሁለት ደቂቃ የምትሆን ጥቅስ ማንበብ ትችላላችሁ። ጅማ ላይ ችግሩ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ዝናብ ሲወርድ የምታነቡትን ራሳችሁም አትሰሙትም፣ መንገድ ዳር ደግሞ ባጃጅ ነው። ጠዋት በጊዜ ተነሱ፣ በርና መስኮት ዝጉ፣ ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቁትና ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፣ ትንፋሽ ማይኩ ላይ ሲያርፍ «ፍፍፍ» ይላል። ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መቅዳትም በደንብ ይሰራል።

አሁን ወደ ድራማና ቋንቋ ልምጣ፣ እኔ በጣም የምወደው እዚህ ጋ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ሲጀምር የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምጽ ገብቶ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ማየት ቻለ፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ቋንቋውን መማር ከፈለጋችሁ ዋናው ድምጽ ያለውን ከሰብታይትል ጋር ነው ማየት ያለባችሁ። ቱርክኛም ይሁን ኮሪያኛ ለእኛ ሰው አንድ የሚያቀል ነገር አለው፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አማርኛም እንደዛ ነው፣ ኦሮምኛም እንደዛ ነው። «እኔ ቡና ጠጣሁ» ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት ኮሪያኛ ሲማር አረፍተ ነገሩን አይገለብጥም፣ ቃሉን ብቻ ነው የሚተካው። ታዲያ ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛ በኩል ስለምንማር ሁለት ጊዜ እንገለብጠዋለን! ስለዚህ ቻናላችሁ ላይ ትርጉሙን በቀጥታ በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ ስጡ፣ ቃል በቃል ቅደም ተከተሉን ሳታፈርሱ፣ ልዩነቱን ሰው ወዲያው ያየዋል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ካያችሁት ክፍል አንድ አጭር አረፍተ ነገር ምረጡ፣ ሰዎች ቤት ውስጥ የሚናገሩት ዓይነት፣ «በላህ?» «ቆይ ጠብቂኝ» የመሰለ። ስክሪንሾቷን ለጥፉ፣ በቋንቋው ፊደል ጻፉት፣ ከስር ትርጉሙ፣ ከዛ እናንተው ስትሉት የሚሰማ ቮይስ። ከዛ ማን ለማን እንደሚናገረው ግለጹ፣ ምክንያቱም ኮሪያኛ ለትልቅ ሰውና ለጓደኛ የግሱ መጨረሻ ይለያያል፣ አንተና እርስዎ ለለመደ ሰው ይሄ አይከብድም ግን ካልተነገረው ድራማ ላይ የሰማውን ለአስተማሪው ይለዋል። ከዛ ጠይቁ፣ «እናንተ ቤት ታላቅ ወንድም ምን ተብሎ ነው የሚጠራው?» ጋሼ የሚለው ይመጣል፣ ኦቦ የሚለው ይመጣል፣ የዳውሮውም፣ የከፋውም፣ የየሙም፣ የጉራጌውም ይመጣል፣ ጅማ እኮ ነው። ኮመንቱ ስር የሚጻፈው ከፖስታችሁ ይበልጣል፣ ይበልጥ ደግሞ።

ፊደሉን ተማሩት፣ አትሽሹት። የኮሪያ ፊደል ንጉስ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ለህዝባቸው ያወጁት ነው፣ መሰረታዊ ፊደሎቹ 24 ናቸው፣ 231 ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው በ24 አይደነግጥም። በአማርኛ ፊደል እየጻፋችሁ መጀመር ትችላላችሁ ግን ቶሎ ተዉት፣ አንዳንዱ ድምጽ ከኛ ቅ እና ጥ ጋር የሚመሳሰል ይመስላል ግን አንድ አይደለም፣ በዛው ከቀጠላችሁ ምላሳችሁ እዛው ይደርቃል።

እና ኦሮምኛ። ጅማ እየኖረ ኮሪያኛ እየተማረ ኦሮምኛ የማይሞክር ሰው ያሳዝነኛል፣ የሚያስተምረው ሰው እኮ አጠገቡ ነው፣ ሱቅ ውስጥ፣ ባጃጅ ላይ፣ ዶርም ውስጥ። ቁቤ፣ የኦሮምኛው የላቲን ፊደል ማለት ነው፣ ከ1984 ጀምሮ በይፋ የሚጻፍበት ነው፣ አናባቢው ሲረዝም ሁለቴ ይጻፋል፣ ተነባቢው ሲጠብቅም ሁለቴ ይጻፋል፣ የአማርኛ ፊደል ግን ሁለቱንም አያሳይም፣ ለዛ ነው አማርኛ ተናጋሪው ጽሑፉን እያየ ርዝመቱን የሚዘለው። የዸን ድምጽ (በቁቤ dh የሚጻፈውን) ደግሞ በጽሑፍ ላስረዳ ብትሉ አይሆንም፣ ኦሮምኛ አፍ የፈታበትን ልጅ ጠይቁ፣ አስር ቃል ቮይስ ያድርግላችሁ፣ ተማሪዎቹ ስር እየደገሙ ይላኩ። አንድ ህግ ብቻ አስቀምጡ፣ የተሳሳተን ሰው ማረም እንጂ መሳቅ የለም፣ ያረመ ሰው ትክክለኛውን በድምጹ ይላክ። ሳቅ ያየ ተማሪ ድጋሚ ቮይስ አይልክም፣ ይሄን ህግ የጣሰ ሰው ማንም ይሁን ማን አንዴ ንገሩት፣ ሁለተኛ ካደረገው አስወጡት። ልውውጡም ይጥማል፣ ኦሮምኛ የሚያስተምረው ልጅ ከእናንተ አማርኛ ወይ ቱርክኛ ይወስዳል።

ቃላት ለመያዝ አንኪ የሚባል አፕ አለ፣ የረሳችሁትን ቶሎ ቶሎ፣ የያዛችሁትን ደግሞ ራቅ አድርጎ የሚጠይቃችሁ። ካርዱን ከራሳችሁ ፖስት ስሩ፣ አርብ ማታ ደግሞ ቴሌግራም ፖል ላይ «ኩዊዝ ሞድ» አብርታችሁ የሳምንቱን አምስት ቃል ጠይቁ።

ስለ ዳታ ባጭሩ፦ ሜምበሮቻችሁ ተማሪዎች ናቸው፣ ቪዲዮ አታብዙባቸው፣ ፎቶና ቮይስ ይበቃል። ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ ገብተው አውቶ ዳውንሎድን እንዲያጠፉ ንገሯቸው። ፖስታችሁን የማታ ጥቅል ስትገዙ አዘጋጁና የመላኪያውን ቁልፍ ጫን ብላችሁ ይዛችሁ «ስኬጁል» በሉት፣ መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢጠፋም በሰዓቱ ይወጣል። በሳምንት ሶስት በቂ ነው፣ ቀኑ ግን አይቀያየር። የፈተና ሰሞን ደግሞ እስከዚህ ቀን እንዘጋለን ብላችሁ ጻፉ፣ ዝም ብላችሁ ብትጠፉ ሰው ቻናሉ ሞተ ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛ አድሚን ይኑራችሁ፣ የምታምኑት። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ቻናሉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ አብሮ ይጠፋል። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንም አብሩ፣ ሲገባ ከሚላከው ኮድ ሌላ የራሳችሁን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ማለቴ ነው።

ሰላሳ አርባ ሰው በቋሚነት ማውራት ሲጀምር በአካል ተገናኙ፣ መጽሐፍ ለመለዋወጥ። ቅዳሜ ቀን፣ በብርሃን፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ወይ መርካቶ በኩል ሰው የሚበዛበት ካፌ፣ ማንም ሰው ቤት አይደለም። ለካፌው ባለቤት ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አስራ አምስት ሰው መጥቶ በአንድ ቡና ሶስት ሰዓት ሲቀመጥ ደስ ላይላቸው ይችላል፣ ከጠየቃችኋቸው ግን ብዙ ጊዜ ሰው የሚቀንስበትን ሰዓት ራሳቸው ይነግሯችኋል። አንድ ደብተር ያዙ፣ ማን የማንን መጽሐፍ እንደወሰደና መቼ እንደሚመልስ እዛ ላይ ይጻፍ፣ ስልክ ቁጥር መጽሐፉ ላይ አይጻፍ። የመመለሻ ቀኑን የሚቀጥለው መገናኛ ቀን አድርጉት፣ የወሰደው ሰው መምጣት ካልቻለ በጓደኛው ይላክ።