ጠርሙስ የገባበት ኮንክሪት ሲሰነጠቅ፣ የፕላስቲክ ንጣፍ ሲፈረፈር፦ ችግርና መፍትሄ

ከፍርስራሽ፣ ከጠርሙስ ስብርባሪ ወይም ከተጣለ ፕላስቲክ የተሠራ የግንባታ ዕቃ ሲበላሽ፣ «ከቆሻሻ ምን ይጠበቃል?» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ይህ ፍርድ ያናድደኛል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ዕቃው ሳይለይ፣ ሳይርስ ወይም ሳይደርቅ መግባቱ ነው። ምልክቱ ደግሞ የቱ እንደሆነ ይናገራል።

ጠርሙስ የገባበት ኮንክሪት ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ

ይሄ ወዲያው አይታይም። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። በስንጥቁ ጠርዝ ላይ ነጣ ያለ፣ ደርቆ የጠጠረ ሙጫ መሳይ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርጭቆው ነው። ብርጭቆ በአብዛኛው ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) ነው። ሲሊካው ከሲሚንቶው አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ንጥረ ነገር) ጋር ሲገናኝ ጄል ይፈጠራል። ጄሉ ውሃ ይስባል፣ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። መሐንዲሱ ቶማስ ስታንተን በ1940 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህንኑ ሲያሳይ መንስኤው የተፈጥሮ ጠጠርና አሸዋ ነበር። ስለዚህ ጣጣው የቆሻሻ ብቻ አይደለም።

መፍትሄው ደስ ይላል። ያው ብርጭቆ ከ75 ማይክሮን (0.075 ሚሊ ሜትር) በታች ሆኖ ሲልም፣ ማለትም ወደ ሲሚንቶ ዱቄት ሲጠጋ፣ ማበጡ ይቀርና ጥንካሬ መጨመር ይጀምራል። የግድ በአሸዋ መጠን ካስገባችሁት፣ ከሲሚንቶው ከ20 እስከ 30 በመቶውን በላመ የድንጋይ ከሰል አመድ ተኩና ቀድማችሁ በናሙና ፈትሹ። አንዴ የተሰነጠቀውን ግን ማዳን አይቻልም፣ ማዘግየት እንጂ። ውሃ እንዳያገኘው ፍሳሹን አስተካክሉ። ስንጥቁን በሲሚንቶ መለሰን ብቻውን የትም አያደርስም።

ከፈረሰ ኮንክሪት በወጣ ጠጠር የተሠራው ድብልቅ ቶሎ ይደርቃል፣ በኋላም ይሰነጠቃል

ጠጠሩ ላይ የተጣበቀው አሮጌ ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ውሃ ይመጥጣል። የተፈጥሮ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ 1 ወይም 2 በመቶ ውሃ ሲወስድ፣ ይሄኛው 5 በመቶና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ሠራተኛው ድብልቁ ሲደርቅበት ውሃ ይጨምራል። ትልቁ ጥፋት እዚህ ጋ ነው፤ ጥንካሬው የሚወርደው በዚያ ውሃ ነው። ጠጠሩን ከዋዜማው አርሳችሁ አሳድሩትና ላዩ ጠፈፍ ሲል አቡኩት። በ4 ሚሊ ሜትር ወንፊት የሚያልፈውን ደቃቅ ለአርማታ አትጠቀሙበት። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ።

የዝገት መስመር ከታየ ጥቂት ፈልፍላችሁ ፌኖልፍታሊን (አልካሊ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን ፈሳሽ) ጠብ አድርጉበት። ሮዝ ከሆነ ፌሮውን የሚጠብቀው አልካሊ አለ። ቀለም ካላወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስከዚያ ዘልቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠጠር ላይ የፌሮውን ሽፋን ከተለመደው ማወፈር ይሻላል።

ነጭ ቁርጥራጭና እብጠት

ከፍርስራሹ ጠጠር ጋር ጂፕሰም (የግድግዳና የኮርኒስ ነጭ ልስን) ገብቷል። በውስጡ ያለው ሰልፌት ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ ያብጣል። ግድግዳው ከመፈጨቱ በፊት ጂፕሰሙ ይላጥ።

ገና ያልጠነከረ ኮንክሪት አረፋ ያወጣል፣ ላዩ ይቦረቦራል

አሉሚኒየም ነው፣ በተለይ ከቆሻሻ ማቃጠያ የመጣ አመድ ከተጠቀማችሁ። ከአልካሊ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ያወጣል። ማግኔት አሉሚኒየምን አይለቅምም፤ አሉሚኒየሙ የወጣለትን አመድ ጠይቁ።

ከፕላስቲክና ከአሸዋ የተሠራ ንጣፍ

ላዩ ነጥቶ ሲነካ ዱቄት ካራገፈ ፀሐይ በልታዋለች። ሲመረት ከፕላስቲኩ ክብደት ከ2 እስከ 3 በመቶ የካርቦን ጥቁር (ጥላሸት መሳይ ዱቄት) ቢጨመርበት በእጅጉ ይቋቋማል። ከጎበጠ ደግሞ ሙቀትና ጭነት ተጋግዘውበታል። ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ይረፍ፤ ጭነት የሚሸከም ግድግዳ ወይም ድልድይ አይደረግ።

ከተሰበረ ስብራቱን እዩት። ቀዳዳ ከበዛበት አሸዋው እርጥብ ነበር። ያልቀለጠ የፕላስቲክ ብጣሽ ከታየ ዓይነቱ ተቀላቅሏል፦ ፌስታል ወደ 110 ዲግሪ ላይ ሲቀልጥ የውሃ ጠርሙስ ወደ 250 ይፈልጋል። ጠርሙሱን አቀልጣለሁ ሲባል ፌስታሉ ያርና ንጣፉ ተሰባሪ ይሆናል። ፒቪሲ ቱቦ ግን በፍጹም አብሮ አይቅለጥ። ሲሞቅ የሚያወጣው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ የሠራተኛውን ሳንባ ይጎዳል።