የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚያጎድለው ቀመር እንዴት ታረመ

ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በየወሩ ይጎድል ነበር። ጉድለቱ የተገኘው ኤክሴሉ ላይ ነው፤ ወርሃዊ ደመወዙ ለ240 (30 ቀን በ8 ሰዓት) ይካፈል ነበር። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ትክክለኛው አካፋይ 208 ነው፦ 48 በ52 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል። 5,200 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ የሰዓት ሒሳቧ 25 ብር መሆን ሲገባው 21.67 ይወጣል። ለ10 ሰዓት ያህል ሌሊት ብትሠራ በሌሊቱ ተመን (1.75) 437.50 ብር ሲገባት፣ በአካፋዩ ስህተት ብቻ ወደ 379.17 ይወርዳል። ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አካፋዩን ማረም ብቻ አልበቃም፤ ሠንጠረዡ ሁሉንም በ1.5 ያባዛ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 1.5 የሚሠራው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ይሆናል። ስለዚህ ከምሽቱ 2 እስከ 6 ሰዓት የተሠራው በሁለት ዓምድ ተከፈለ። የጣት አሻራ ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚመዘግብ መቁረጫው 22:00 ነው። ኤክሴል ሰዓትን የቀን ክፋይ አድርጎ ስለሚይዝ በ24 ማባዛት የግድ ነው፤ አለዚያ 2 ሰዓት 0.083 ሆኖ ይገባል።

የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው በማለፉ) ስለሚታገድ፣ ያለፈው ልዩነት ያልተከፈለው ሠራተኛ ሳይውል ሳያድር ያመልክት።