የጎጃም ፋርማሲዎችን በድረ ገጽ ካርታ ላይ ስታሳዩ፦ የጂኦኮዲንግ ፈቃድ ደንቦች

ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ያሉ ፋርማሲዎችን የሚያሳይ ካርታ ልትሠሩ ነው እንበል። የቦታ ስም ተቀብሎ ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚመልሰው አገልግሎት ጂኦኮዲንግ ይባላል። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ የመጣውን ቁጥር ታስቀምጡታላችሁ ወይስ አሳይታችሁ ትተዉታላችሁ? ፈቃዶቹ በዋናነት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የጎግል ጂኦኮዲንግ ኤፒአይ (ፕሮግራማችሁ አገልግሎቱን የሚጠይቅበት መንገድ) ኬክሮስና ኬንትሮሱን በዳታቤዛችሁ እንድታቆዩ የሚፈቅደው ቢበዛ ለ30 ተከታታይ ቀናት ነው። ያለ ገደብ የሚቀመጠው ፕሌስ አይዲ የሚባለው የቦታ መለያ ነው፤ እሱም 12 ወር ካለፈው ይታደስ። ስለዚህ መለያውን በቋሚ ዓምድ ያዙ፣ ቁጥሩ የተወሰደበትን ቀን ጨምሩና 30 ቀን የሞላውን የሚሰርዝ ፕሮግራም በየሌሊቱ እንዲሠራ አድርጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከጎግል ያገኘውን ነጥብ በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት ነፃ ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ፣ ላይ ሲተክል ነው። ካርታው ነፃ ስለሆነ ነጥቡ ነፃ አይሆንም፤ የጎግል ውጤት ካርታ ላይ ከወጣ በጎግል ካርታ ላይ መውጣት አለበት።

ኦፕንስትሪትማፕ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሰጠው ኦዲቢኤል በሚባል ክፍት የዳታቤዝ ፈቃድ ነው። ማስቀመጥም፣ ለንግድ ማዋልም ይቻላል። ምንጩን ግን ካርታው ጥግ ላይ በሚነበብ ጽሑፍ ጥቀሱ፣ ወደ ፈቃድ ገጹም አገናኙት። የፋርማሲ ዝርዝራችሁ ላይ ነጥብ መጨመር ስልክና ዋጋችሁን ይፋ እንድታደርጉ አያስገድድም። ውጤቱን አከማችታችሁ ሌላ ሰው ቦታ የሚፈልግበት አጠቃላይ ዳታቤዝ አድርጋችሁ ካወጣችሁት ግን በዚያው ፈቃድ መልቀቅ ግድ ነው።

ኖሚናቲም የሚባለው የኦፕንስትሪትማፕ መፈለጊያ በሕዝብ ሰርቨሩ ላይ በሰከንድ ከ1 ጥያቄ በላይ አይቀበልም፤ ይህም የተጠቃሚዎቻችሁ ሁሉ ድምር ነው። 600 ስም በ10 ደቂቃ ያልቃል። የመተግበሪያችሁን ስም በዩዘር ኤጀንት (ጥያቄውን ማን እንደላከው በሚናገረው መስመር) ግለጹ፣ ውጤቱን ካሽ አድርጉ (ደግማችሁ እንዳትጠይቁ አስቀምጡት)፣ ተጠቃሚው በእያንዳንዱ ፊደል ሲጽፍ ጥያቄ አትላኩ። ካልሆነ ልትታገዱ ትችላላችሁ። «ባሕር ዳር»፣ «ባህር ዳር»፣ «ባህርዳር» ሦስት ጥያቄ ሆነው እንዳይወጡ አጻጻፉን አስቀድማችሁ አንድ አድርጉት።

የእኛ አገር አድራሻ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ዓይነት ስለሆነ መፈለጊያው ብዙ ጊዜ የሚመልሰው የከተማውን መሐል ነው። የፍኖተ ሰላም ፋርማሲዎች ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይደራረባሉ። ይህን ለማቃናት የጎግልን የሳተላይት ምስል ከፍቶ ነጥቡን መቅዳት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያ ነጥብ የእናንተ አይደለም፣ ወደ ኦፕንስትሪትማፕም ሊገባ አይችልም። ይልቅ በር ላይ ቆማችሁ በስልካችሁ ጂፒኤስ መዝግቡ። ይህ ትክክለኛም ነው፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

በየረድፉ «ምንጭ» የሚል ዓምድ ይኑር፦ ጎግል፣ ኦፕንስትሪትማፕ፣ የራስ ጂፒኤስ። የአንዱ ደንብ ሲቀየር የእሱን ረድፎች ብቻ ነቅላችሁ ታወጣላችሁ።