ዲቪዲው፣ ፍላሹና ሃርድ ዲስኩ አልከፈት ሲሉ

ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በፊት ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ባሉ ፎቶ ቤቶች ሠርጉን ያስቀረጸ ሰው የተረከበው በአብዛኛው ዲቪዲ ስለሆነ፣ ችግሩም ከዚያው ይጀምራል፦ ምስሉ መሀል ላይ እየተቆራረጠ ይቆማል፣ ወይም ማጫወቻው ዲስኩን ጨርሶ አያነብም። በመጀመሪያ የሚጠረጠረው አቧራና የጣት አሻራ ነው፤ ዲስኩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ካልተነበበ ግን መንስኤው ምናልባት ቀለሙ ነው። በፋብሪካ ከታተመው በተለየ፣ ፎቶ ቤት የሚቀዳው ዲቪዲ መረጃውን የሚይዘው በሌዘር ሙቀት በሚለወጥ ስስ የቀለም ንጣፍ ላይ ሲሆን፣ ይህ ቀለም ፀሐይና ሙቀት ባገኘው ቁጥር ይደበዝዛል። መፍትሔው በለስላሳ ጨርቅ ዙሪያውን ሳይሆን ከመሀል ወደ ጠርዝ መጥረግና በሌላ ማጫወቻ መሞከር ነው፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንዴ ከተነበበ፣ ቁጭ ብሎ ማየቱን ለሌላ ቀን ትቶ ወዲያው ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ይገባል።

ፍላሽ ሲሰካ ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» (ማለትም ተጠርጎ እንደ አዲስ ይዘጋጅ?) ብሎ ከጠየቀ፣ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው የፋይሎቹ ማውጫ እንጂ ፋይሎቹ ራሳቸው አይደሉም፤ ይህም እየተጻፈበት ሳለ ሲነቀል ወይም መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚደርስ ነው። እሺ ማለት አይገባም። የጠፋ ፋይል በሚመልስ ፕሮግራም ይዘቱን ማውጣት ይቻላል፤ የወጣው ግን በሌላ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት፣ በዚያው ፍላሽ ላይ ከተጻፈ ገና ያልወጣውን ይደመስሰዋልና። ፎልደሮቹ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ከታዩ ደግሞ የቫይረስ ሥራ ነው፤ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም።

ለዓመታት ሳይሰካ የቆየ ፍላሽ ወይም ኤስኤስዲ (እንደ ፍላሽ በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ፣ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ፋይል የሚያጣው በሌላ ምክንያት ነው፦ መረጃውን የያዘው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ቀስ በቀስ ያፈስሳል። በኢንዱስትሪው መለኪያ መሠረት የቤት ኤስኤስዲ በዕድሜው ሊጻፍበት የተመደበለትን የመረጃ መጠን ከጨረሰ በኋላ፣ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ኃይል 1 ዓመት እንዲያቆይ ይጠበቃል። አዲሱ ከዚህ የበለጠ ይቆያል፣ የአዲስ አበባ ቅዝቃዜም ያግዛል፤ ቢሆንም በዓመት አንድ ጊዜ ፋይሎቹን ገልብጦ እንደገና መጻፍ ያሻል።

ሃርድ ዲስክ «ቀጭ፣ ቀጭ» ካለ በቅድሚያ ኃይል አንሶት እንደሆነ ይታይ። የዩኤስቢ 2 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ብቻ ስለሆነ፣ ገመዱን በአጭር ቀይሮ ዩኤስቢ 3 ላይ መሰካት አንዳንዴ ይበቃል። ድምፁ ከቀጠለ የማንበቢያው ራስ እየተበላሸ ነውና ወዲያው ይነቀል፤ ዲስኩ በተሽከረከረ ቁጥር ራሱ መረጃ የያዘውን ገጽ ሊፍቀው ይችላል፣ ክዳኑን መክፈትም አቧራ ያስገባል። ወደ ባለሙያ ሲወሰድ፣ የሚፈለገው ፋይሉ እንጂ ዲስኩ እንዳልሆነ አስቀድሞ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሳልናገር አስረክቤ፣ አንድ ጠጋኝ «ተሠርቷል» ብሎ በደንብ የሚሠራ ባዶ ዲስክ መልሶልኛል።